የመምህራን ክበብ፦ አዲስም ነባርም አባል የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

በዩኒቨርሲቲ የመምህራን ክበብ ኮሚቴ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቀጥሎ ገንዘብ ያዥ፤ አሁን ተራ አባል ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ብዙም አልተለወጠም። ተደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ክበቡ ምንድን ነው? ከመምህራን ማኅበር በምን ይለያል?

ማኅበሩ ስለ ደመወዝ፣ ስለ እድገትና ስለ መብት ይከራከራል። የክበቡ ሥራ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞች ከመማሪያ ክፍልና ከቢሮ ውጭ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ሻይ ይጠጣል፤ ምሳ ይበላል፤ ቼዝ ይገጠማል። ጥግ ይዞ ጋዜጣ ማንበብም ይቻላል። አንዳንዱ ክበብ የራሱ ሕንፃ አለው። አንዳንዱ ያለው አንድ ክፍልና አንድ የሻይ ማፍያ ብቻ ነው። ሁለቱም ክበብ ናቸው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በኦክስፎርድ የመርተን ኮሌጅ መምህራን የጋራ ማረፊያ ክፍላቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1661 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኳድራንግል ክለብ በ1893 ተመሠረተ፤ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ግቢ የመምህራን ክበብ ደግሞ በ1902። የበርክሊውን ትልቁን አዳራሽ የነደፈው በርናርድ ሜይቤክ የሚባል አርክቴክት ሲሆን፣ አዳራሹ ሰፊ የእሳት ምድጃ አለው። መቼም ሰው ለመቀመጥ የሚመርጠው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

አባል መሆን የሚችለው ማን ነው?

በየክበቡ መተዳደሪያ ደንብ ይወሰናል። በብዛት ቋሚ መምህራን፣ ተመራማሪዎች፣ የአስተዳደር ሠራተኞችና ጡረተኞች ይገባሉ። አንዳንድ ቦታ እንግዳ ተመራማሪዎችና የዶክትሬት ተማሪዎችም ይፈቀድላቸዋል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በሩ ሰፋ ይበል። ክበብ ሰው ሲያገልል ምን እንደሚከተል ታሪክ አሳይቶናል። ቅድም ያነሳሁት የበርክሊው ክበብ ሲመሠረት የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት መምህራን እዚያ ቦታ ስላልነበራቸው በ1919 የራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ፤ በ1923 የራሳቸውን ሕንፃ አስገነቡ። በአንድ ግቢ ሁለት ክበብ ማለት ነው። ሴቶቹ ያደረጉት የሚደነቅ ነው። ግን አስቡት፤ በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ የሚችሉ ስንት ሰዎች ስንት ዓመት ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ዛሬ ማንም ሰው ደንብ ላይ እንዲህ ብሎ አይጽፍም። ሆኖም ሳይጻፍ የሚያገል ነገር አሁንም አለ። ዝግጅቱ ሁሉ ማታ ከሆነ ትንሽ ልጅ ያላት መምህርት አትመጣም። ክፍሉ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ባልደረባ አይመጣም። የኮንትራት መምህሩ ማስታወቂያው ሳይደርሰው ይቀራል፤ የኢሜይል ዝርዝሩ የቋሚዎቹ ብቻ ነዋ። ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ደንቡን ከማንበባችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ።

በሳምንቱ ውስጥ ምን ምን ይካሄዳል?

የብዙ ክበብ የልብ ትርታ የሻይ ሰዓት ነው። ፕሪንስተን ያለው የከፍተኛ ጥናት ተቋም በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የጋራ ሻይ አለው። ትልልቅ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎች ከቢሯቸው ወጥተው ሲኒ ይዘው ይቆማሉ። አጀንዳ የለም፤ ሰብሳቢ የለም።

ከዚያ ውጭ ያለው እንደ አባላቱ ፍላጎት ነው። የንባብ ቡድን፣ የእግር ጉዞ፣ መዘምራን፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ የፊልም ምሽት፣ የልጆች ቀን። የቋንቋ ጠረጴዛም አለ። አንድ የውጭ ቋንቋ የሚማሩ ሰዎች ቋንቋውን ከሚናገር ባልደረባ ጋር ለአንድ ሰዓት በዚያው ቋንቋ ብቻ ያወራሉ። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። በክፍሉ ውስጥ አንቱ የሚባል ፕሮፌሰር እዚህ እንደ ሕፃን ቃል ሲፈልግ ታዩታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እሱን ማናገር ለማንም አይከብድም።

ሌላው የምወደው አጭር ገለጻ ነው። አንድ አባል በ15 ደቂቃ ውስጥ ስለ ሥራው ያወራል። ስላይድ አይፈቀድም፤ የሙያ ቋንቋም አይፈቀድም። አንድ ጊዜ የአፈር ተመራማሪ የሆነች ባልደረባችን በሁለት ብርጭቆ አፈር ይዛ መጣች። በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ አፈሰሰች። አንዱ ጋር ውኃው ወዲያው ሰረገ። ሌላው ጋር ከላይ ተኝቶ ቀረ። ከዚያ ዝም ብላ ተቀመጠች። የሕግ፣ የሥነ ጽሑፍና የሒሳብ መምህራን ብርጭቆዎቹን ከበው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲጠይቋት ቆዩ።

ሥራ በዝቶብኛል። ምን ይጠቅመኛል?

የፈተና ወረቀት ተከምሮ ሻይ ልጠጣ ማለት ቀላል አይደለም፤ ይገባኛል። ቢሆንም ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

በአሜሪካ የኤምአይቲ (የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም) ተመራማሪ የነበረው ቶማስ አለን በ1970ዎቹ ተመራማሪዎችና መሐንዲሶች ስለ ሥራቸው እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚነጋገሩ አጥንቶ ነበር። በቢሮዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት በጨመረ ቁጥር ንግግሩ በፍጥነት ይቀንሳል። ርቀቱ 50 ሜትር ገደማ ሲደርስማ ሳምንታዊ ውይይት የለም ማለት ይቻላል። 50 ሜትር ማለት እኮ ከአንድ ኮሪደር ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ነው! ሌላ ሕንፃ ያለውን ሰው በአጋጣሚ የምናገኝበት ዕድል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቡት። ያንን ርቀት የሚያሳጥረው አንድ የጋራ ጠረጴዛ ነው።

ሁለተኛው የዝይዋ ታሪክ ነው። በ1930ዎቹ፣ ያኔ የፖላንድ በነበረችው በልቮቭ ከተማ፣ የሒሳብ ሊቁ ስቴፋን ባናክና ጓደኞቹ ስኮቲሽ ካፌ በሚባል ቤት እየተሰበሰቡ በሒሳብ ይከራከሩ ነበር። ጥያቄዎቻቸውን የሚጽፉት በእብነ በረዱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ጠረጴዛው ሲጠረግ አብሮ ይጠፋል። በኋላ የባናክ ባለቤት ወፍራም ደብተር ገዛችላቸው። ደብተሩ ካፌው ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲመጡ አስተናጋጁ ያወጣላቸዋል። በ1936 ስታኒስላቭ ማዙር አንድ ከባድ ጥያቄ ጽፎ፣ ለሚፈታው ሰው ከነሕይወቷ አንዲት ዝይ እንደሚሸልም ቃል ገባ። ጥያቄው በ1972 ተፈታ። የፈታው ስዊድናዊው ፔር ኤንፍሎ ነው፤ ዝይዋንም ከማዙር እጅ ተቀበለ። 36 ዓመት ሙሉ ያልተረሳ ቃል ነው፤ የተገባውም በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን ካፌ ውስጥ፣ ወዳጆች ተሰብስበው ሲያወሩ ነው።

እርግጥ ሁላችንም ማዙር አንሆንም። ግን ሥራዬ ብለን የምንይዘው ነገር ስንቱ ከእንዲህ ያለ ወሬ እንደሚነሳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አዲስ ነኝ። ማንንም ሳላውቅ ብቻዬን ብመጣ ያስቃል?

ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ ይሄኛው ሆዴን ይበላኛል። ለእኔ የክበብ መለኪያው ብቻውን የመጣ ሰው ምን ይገጥመዋል የሚለው ነው። የእራት ግብዣው ማማር ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። በር ላይ ቆሜ ስልኬን አያለሁ። የደወለልኝ ሰው የለም፤ የምገባበት ጠፍቶኝ ነው። ውስጥ ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው ይስቃሉ። ልመለስ ስል አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ይምጡ፣ ይሄ ወንበር ባዶ ነው» አሉኝ። ስሜን የጠየቁኝ ሻዩ ከቀረበ በኋላ ነው። የት ክፍል እንደማስተምር የጠየቁኝ ደግሞ በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «ቤት አገኙ?» ብለው ነበር።

በኋላ ነው ነገሩ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ያወቅኩት። ክበቡ የበር ተረኛ ነበረው። በየሳምንቱ አንድ አባል ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል። አጠገቡ ያለውን ወንበር ባዶ ያደርጋል። ሥራው ይሄው ብቻ ነው። በደንብ የተጻፈ አልነበረም፤ እኔ ኮሚቴ ስገባ የተረኞቹን ስም ከሻይ ማፍያው በላይ ለጥፌ ነው የቆየሁት።

ስለዚህ አዎ፣ ብቻዎን ይምጡ። የሚከብደው የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ነው። ትልቁ የጋራ ጠረጴዛ ካለ እዚያ ይቀመጡ። በብዙ የቆዩ ክበቦች ይሄ ጠረጴዛ ቀጠሮ ለሌለው ሰው የተተወ ነው፤ ማንም ከማንም ጎን ይቀመጥበታል።

ደግሞ በሁለት ሳምንት ጓደኛ ካላገኘሁ ብለው ተስፋ አይቁረጡ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ገደማ አብሮ ማሳለፍ ይፈልጋል። ለቅርብ ወዳጅነት ከ200 ሰዓት በላይ። በሳምንት አንድ ሰዓት ሻይ ላይ ቢገናኙ 50 ሰዓቱ የሚሞላው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ችግሩ የእርስዎ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

ክበብ ውስጥ ስለ ሥራ ማውራት ይቻላል?

ስለ ሐሳብ የፈለጉትን ያውሩ። ስለ ሰው ፋይል ግን አይወራም። የእገሌ እድገት የት ደረሰ፣ የእገሊት ጽሑፍ ለምን ተመለሰ፣ የትኛው ተማሪ ወደቀ፤ እነዚህ ወደ ሻይ ጠረጴዛ መምጣት የለባቸውም። አንድ ሰው አምኖ የነገረውን ነገር በማግስቱ ኮሪደር ላይ ከሰማው ሁለተኛ አይመጣም። ልክም ነው።

ዲኑ ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሲመጡስ?

ማዕረግ በር ላይ ይቀራል። ቢያንስ እንዲቀር እንሞክራለን። ዲኑ በክበቡ ውስጥ አባል ናቸው፤ ለሻይ ይሰለፋሉ፤ በቼዝ ይሸነፋሉ። እሳቸው ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ቢሮ ይሂድ። ኃላፊዎችም በበኩላቸው እዚህ የሰሙትን ቅሬታ ይዘው ስብሰባ ላይ እንዳይጠቅሱ እለምናለሁ። አንዴ ከተደረገ ጠረጴዛው ለወራት ዝም ይላል፤ አይቼዋለሁ።

የትዳር ጓደኛዬንና ልጆቼን ማምጣት እችላለሁ?

በአብዛኛው ይቻላል፤ ቀኑን ግን ይጠይቁ። ስለ ትዳር ጓደኛ አንድ ነገር ላክል። መምህሩ ለሥራ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር የራሱ ቢሮና ባልደረባ ይጠብቀዋል። አብራው የመጣችው ሚስት፣ ወይም አብሯት የመጣው ባል፣ ሥራውንም ወዳጆቹንም ትቶ ነው የመጣው። ማንም አይጠብቀውም። መምህሩ ውሎ ሲገባ እሷ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳታወራ ውላለች። ብዙ ጎበዝ መምህር ሥራውን ጥሎ የሚሄደው ቤተሰቡ ስላልለመደ ነው። ስለዚህ ክበቡ ለትዳር ጓደኛ የራሱን የአባልነት ካርድ ቢሰጥ፣ በራሱ ስም ቢጠራው ጥሩ ነው። «የዶክተር እገሌ ባለቤት» ተብሎ መኖር ያደክማል።

አልኮል አልጠጣም። ይከብደኛል?

ሊከብድዎ አይገባም። ማንም ሰው ለምን አትጠጣም ተብሎ መጠየቅ የለበትም። ዋናው መሰባሰቢያ የሻይ ሰዓት ቢሆን ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ጡረታ የወጣ ሰው ይቀጥላል?

ይቀጥል እንጂ! ጡረታ የወጣ መምህር በአንድ ቀን ቢሮውን፣ ቁልፉንና በየቀኑ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ያጣል። ክበቡ ብቻ ነው የማይወሰድበት። እኛ ጋ አንድ ጡረተኛ በየሳምንቱ ማክሰኞ እየመጡ የቼዝ ሰዓቶቹን ይጠግኑ ነበር። ትንሽ ጠመንጃ መፍቻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ። ብሎኖቹን በመጠናቸው ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ይደረድራሉ። ወጣቶቹ መምህራን ዙሪያቸው ተቀምጠው ያያሉ፤ እያዩ ደግሞ ስለ ማስተማር ይጠይቋቸዋል። ስንቱ ሰው ክፍል ውስጥ ረብሻ ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ የተማረው ከእዚያ ጠረጴዛ ነው።

ጡረተኛውን የአባልነት ክፍያ ቀንሱለት፤ ከተቻለ ይቅርለት። አንድ ሳምንት ከቀረ ግን ሰው ይደውልለት።

ባልደረባ ሲታመም ወይም ሲያዝን ክበቡ ምን ያደርጋል?

አበባና ካርድ መላክ የተለመደ ነው፤ መልካም ነው። ከዚያ በላይ የሚረዳው ግን ተጨባጭ ነገር ነው። ክፍለ ጊዜውን ማን ይሸፍንለት? ወረቀቱን ማን ያርምለት? ልጁን ከትምህርት ቤት ማን ያምጣለት? «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» የሚለው ንግግር ከልብ ቢሆንም ሸክሙን መልሶ ለታመመው ሰው ይሰጠዋል። አንድ አባል ተመድቦ ዝርዝሩን ይያዝ። ገንዘብ የሚዋጣ ከሆነ የሰጪው ስምና መጠን አይነገር።

የአባልነት ክፍያው የት ይገባል?

ለሻይና ቡና፣ ለጽዳት፣ ለጨዋታ ዕቃ፣ ሠራተኛ ካለ ለደመወዝ። ገንዘብ ያዥ የነበርኩ ሰው ነኝና ይሄን በቀላሉ አላልፈውም። ብዙ ክበብ የሚወድቀው በጠብ ሳይሆን በሒሳብ ነው። በካናዳ የብሪትሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ክበብ በ1994 በገንዘብ ችግር ተዘግቷል። ትልቅ ሕንፃ፣ ትልቅ ወጥ ቤትና ብዙ ሠራተኛ ያለው ክበብ ሰው ሲቀንስ ወጪው አብሮ አይቀንስም።

ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ኦዲተሩ ከኮሚቴው ውጭ ይሁን። ክፍያውም እንደ ደመወዝ ደረጃ ቢለያይ ጀማሪው መምህር አይሸማቀቅም።

አባላት ተጣልተው ቢመጡስ?

የትምህርት ክፍላቸው ጠብ እዚያው ክፍላቸው ይለቅ። ኮሚቴው ዳኛ መሆን የለበትም። ማስፈራራት፣ ትንኮሳ ወይም ስድብ ከመጣ ግን ነገሩ ጠብ አይባልም፤ የዩኒቨርሲቲው የቅሬታ ሥርዓት አለ፤ በቀጥታ ወደዚያ ይሂድ። ለክበቡ ስም ተብሎ መሸፈን አይገባም።

የሚመጣው ሰው እየቀነሰብን ነው። ምን እናድርግ?

ኮሚቴዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ትልቅ ዝግጅት ያስባሉ። ሙዚቀኛ ይጠራል፤ አዳራሽ ይሞላል። በሳምንቱ ያው አራት ሰው ይመጣል። እኔም በዚህ ስህተት ውስጥ አልፌያለሁ፤ የዓመቱን በጀት ግማሽ በአንድ ምሽት ጨርሰናል።

ሰው የሚመለሰው መቼ መምጣት እንዳለበት ሳያስብ ሲያውቅ ነው። ቀኑን አትለዋውጡ። ሰዓቱን አትለዋውጡ። «ዛሬ ሰው ስለማይመጣ ይቅር» አትበሉ፤ በዚያች ቀን የሚመጣው አንድ ሰው ዝግ በር ካገኘ አበቃ። ሁለት ሰው ቢሆንም ሻይ ይፈላ።

ከዚያ ወንበሮቹን እዩ። ጠረጴዛ ሁሉ የአራት ሰው ከሆነ አራት የሚተዋወቁ ሰዎች ይይዙታልና አምስተኛው ቦታ የለውም። እኛ ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን አንድ ረጅም ስናደርግ ወዲያው ለውጥ አየን። ቴሌቪዥኑንም አጥፉ።

የቀረውን ሰው በስሙ ፈልጉ። የጅምላ ኢሜይል ማንም አያነበውም። «ባለፈው ስለዚያ መጽሐፍ ያነሳኸውን ሳንጨርሰው ቀረን፤ ሐሙስ ትመጣለህ?» የሚል አንድ መልእክት ይሻላል።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ክበብ የለም። ከየት እንጀምር?

ሕንፃ አትጠይቁ፤ ገና ነው። ደብዳቤ ጽፋችሁ መልስ ስትጠብቁ ዓመት ይሄዳል። ከተለያየ ትምህርት ክፍል የሆኑ ሦስት ሰዎች ፈልጉ። ከአንድ ክፍል ከሆኑ ነገሩ የክፍል ስብሰባ ይሆናል። ብዙ ክፍለ ጊዜ የሌለበትን ቀንና ሰዓት ከፕሮግራም አውጪው ጠይቁ። ባዶ የሚሆን ክፍል ያዙ፤ ማፍያና ሲኒ ከየቤታችሁ አምጡ። እያንዳንዳችሁ አንድ የማታውቁትን ሰው ይዛችሁ ኑ።

ይሄን ሳታቋርጡ አንድ ሴሚስተር አድርጉት። መተዳደሪያ ደንብ፣ ሰብሳቢ፣ ቃለ ጉባኤ የሚባለው ሰው 20 ገደማ ሲሆን ይደርሳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያስፈልገው የበር ተረኛ ነው። ሦስት ሰው ብትሆኑም አንዳችሁ ፊታችሁን ወደ በሩ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ አጠገባችሁ ያለውን ወንበር ባዶ ተዉት።